ጣት ሲነጣና ሲደነዝዝ፦ ከሬይኖ ሕመም ጋር በሐረር መኖር

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ በጀጎል አንዲት እናት በቀዝቃዛ ውኃ ልብስ ስታጥብ የጣቷ ጫፍ ድንገት ነጥቶ ቢደነዝዝ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊነት ተለውጦ በመጨረሻ እየቀላ ቢጠዘጥዛት፣ ይህ ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ሬይኖ በ1862 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሕመም ሊሆን ይችላል። ትንንሾቹ የደም ሥሮች በብርድ ወይም በጭንቀት ከልክ በላይ ይኮማተራሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ለውጡ በግልጽ ስለማይታይ ጥፍርን ማየት ይረዳል።

ሕመሙ ሲነሣ እጅን ብብት ሥር ማስገባት ወይም ለብ ባለ ውኃ መንከር ይገባል፤ የደነዘዘ ጣት ሙቀትን በትክክል ስለማይለይ ግን ከሰል ላይ ማሞቅ ሳይታወቅ ያቃጥላልና፣ እባክዎ ይህን አያድርጉ። ሲጋራን ማቆም ግዴታ ነው። ጫትም የደም ሥርን ያኮማትራል፤ በእኛ አካባቢ ከወዳጅ ጋር ከመቀመጥ ተለይቶ ስለማይታይ መተዉ ከባድ መሆኑን ባውቅም፣ ለጣትዎ ሲሉ ይተዉት። ከድሬዳዋ ሙቀት ወደ ሐረር ከፍታ ሲወጡ ጓንትና ወፍራም ካልሲ ይያዙ።

ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዘውን ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ መድኃኒቶች ሕመሙን ሊያባብሱ ስለሚችሉ፣ በራስዎ ሳያቋርጡ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጣት ላይ ቁስል ከወጣ፣ ወይም ሕመሙ በአንድ እጅ ብቻ ከታየ፣ ሳይዘገዩ ይመርመሩ።