ለልጅ መታሰቢያ የለንደን ማራቶንን ለምትሮጡ

በሟች ልጅ ስም መሮጥ ያሰበ ሰው ጫማ ከመግዛቱ በፊት ወላጆቹ ቤት ይሂድ። ቡና ተፈልቶ፣ ተረጋግታችሁ ጠይቁ እንጂ በስልክ መልእክት አታድርጉት። የእህቴ ልጅ በ17 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ካረፈ በኋላ ልሮጥለት ስነሳ እህቴ የፈቀደችው በሁለት ነገር ነው፦ ፎቶው ከመታመሙ በፊት የተነሳው እንዲሆን፣ ቲሸርቴ ላይ ደግሞ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ እንዲጻፍ። እዚህም ስሙን የማልጽፈው ለዚህ ነው። ወላጆች ያሉትን በወረቀት ያዙት፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ደግሞ አትከራከሩ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ከሁሉም ይከብዳል። አገር ቤት መርዶ ያልተረዳ ዘመድ አለ? ለንደን ላይ የተከፈተ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ በቴሌግራም ደሴ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። በማውቀው አንድ ቤተሰብ አያትየው የልጅ ልጃቸውን ሞት ያወቁት የጎረቤት ልጅ «ይህ የእናንተ ልጅ አይደለም?» ብሎ ስልኩን ሲያሳያቸው ነው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ገብቶ ነበር። መሞቱን ሰምተው በሽታው «ካንሰር» መባሉን ያልሰሙም ይኖራሉ። ስለዚህ ገጹን ከማሰራጨታችሁ በፊት ማን እንደተረዳና ማን እንዳልተረዳ አጣሩ፤ የቀረ ካለ ይነገር፣ እናንተም ጠብቁ።

ወደ መግቢያው እንምጣ። በዕጣ መግባት ይቻላል፤ ግን ለ2026ቱ (እ.ኤ.አ.) ሩጫ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ስለተመዘገበ በዕድል አትመኩ። ብዙዎቻችን የምንገባው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በያዙት ቦታ ነው። ድርጅቱ ቦታውን ይሰጣችኋል፣ እናንተም ብዙውን ጊዜ 2,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ለማሰባሰብ ቃል ትገባላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ብትጎዱ ወይም ገንዘቡ ባይሞላ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ድርጅቱን ስትመርጡ ልጁ ከተጠቀመበት ነገር ተነሱ። ቲንኤጅ ካንሰር ትረስት ከ13 እስከ 24 ዓመት ላሉ ታማሚዎች በሆስፒታሎች ውስጥ የራሳቸው ክፍሎች እንዲኖሩ ያደርጋል፤ ያንግ ላይቭስ ቨርሰስ ካንሰር ደግሞ ለወላጆች በሆስፒታል አቅራቢያ ነጻ ማደሪያ አለው። «ለምን ለአገር ቤት ልጆች አይሆንም?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በሉኪሚያ በሞተ ሕፃን ስም የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ አለ። ብቻ አንዱን ምረጡ፤ የሁለቱን ገንዘብ በአንድ ሣጥን አታደባልቁ።

የእኛ ሰው ለሬሳ መላኪያ በእጅ መስጠት ለምዷል፤ ገንዘቡ ለቤተሰቡ የሚሄድ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ የት እንደሚሄድ በመጀመሪያው መስመር በአማርኛ ጻፉ። ጊፍት ኤይድንም አስረዱ፦ ሰጪው እዚህ አገር ግብር የሚከፍል ከሆነ መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ሳንቲም ይጨምራል፤ 10 ፓውንድ 12.50 ይሆናል። በጥሬ ገንዘብ ለሚሰጡ ሙሉ ስም፣ የቤት አድራሻና ግብር ከፋይነታቸውን የሚያረጋግጡበት ቅጽ ያስፈልጋል። ግብር የማይከፍሉ እናቶችን ግን ቅጹ ላይ ምልክት አታስደርጉ። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በየዓይነቱ ብትሸጡ ለምግቡ የተከፈለው በጊፍት ኤይድ አይታሰብም፤ የስጦታው ሣጥን ለብቻው ይቀመጥ፣ ሁለት ሰው አብሮ ይቁጠረው። «ጨርሺና እሰጥሻለሁ» የሚለውን ደግሞ ቀድማችሁ ያዙት። ኢትዮጵያዊ ስለሆናችሁ ብቻ ሁሉም ሯጭ አድርጎ ይቆጥራችኋል፤ እኔ በሮጥኩበት በ2025 እ.ኤ.አ. ትዕግሥት አሰፋ በ2:15:50 ስላሸነፈች፣ እኔ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለሁ «ደረስሽ?» የሚል መልእክት ይጎርፍልኝ ነበር።

ልምምዱ አብዛኛው ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። እኔ በሮጥኩበት ዓመት፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ ሩጫው ሚያዝያ 19 ነበር። የምትጾሙ ከሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ረዥሙን ሩጫ ለቅዳሜ አድርጉት፤ በሰዓት መጾም የለበትም፣ እሑድም ቅዳሴ አያመልጣችሁም። በዋዜማው ሽሮና ምስር ይቅርባችሁ፣ ሆድ ይነፋሉ፤ ሩዝ፣ ድንች ወይም ፓስታ በቲማቲም ይሻላል። ጠዋት በሶ በስኳር በጥብጡ፣ ለመንገድ ቴምር ያዙ። ከ30 እስከ 32 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን የመጨረሻ ረዥም ሩጫ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ጨርሱና ቀንሱ። ከሁለት ወር ጾም በኋላ፣ ማራቶን ሳምንት ሲቀረው፣ በዶሮ ወጥና በክትፎ ሆድን መፈተን ምን ይሉታል? እኔ ትንሽ ቀምሼ እጄን ታጠብኩ፤ እናቴ እስካሁን ታኩርፋለች።

በዕለቱ የመጀመሪያዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች ቁልቁለት ናቸው፤ በዝግታ ውረዱ። ታወር ብሪጅ ከግማሹ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ጩኸቱም ስሜቱም እዚያ ያይላል፣ ልቅሶ ደግሞ ትንፋሽ ይቆርጣል። የሚከብደው ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ካናሪ ዋርፍ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ድልድዩ ላይ ሳይሆን ከዚያ አልፎ ፖፕላር በኩል አቁሟቸው፤ በቀኝ ይሁን በግራ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ነጠላ ይልበሱ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከሩቅ ይለያል። እናትየውን «ካልመጣሽ» ብላችሁ አትጫኗት። እህቴ ቤቷ ሆና በሩጫው የስልክ መተግበሪያ ስትከታተለኝ ዋለች፤ ያም ይበቃል።

ገጹን በማግስቱ አትዝጉት፤ የአንዳንድ ሰው እጅ ሜዳሊያውን ካላየ አይፈታም። መሥሪያ ቤታችሁ የሰበሰባችሁትን ያህል የሚጨምር እንደሆነም ጠይቁ፤ ቅጽ መሙላት ብቻ የሚጠይቅ ብዙ አለ። በመጨረሻም የገባውን ገንዘብ፣ የጥሬውን ከመስመር ላዩ ለይታችሁ፣ በአንድ ገጽ ጻፉና መጀመሪያ ለወላጆቹ፣ ከዚያ ለሰጡት ሁሉ ላኩ።