የሁለት ወንድማማቾችን የድሮ ዘመን ፊልም ጎጃም ላይ ለምትቀርጹ

ፊልም የጀመራችሁ ልጆች የድሮ ዘመን ፊልም ጎጃም ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሜዳውና ወንዙ፣ ድሮ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ስለ ካሜራ ሌላ ሰው ጠይቁ። የእኔ ሥራ አልባሳትና ቁሳቁስ ነው፤ ያደግኩትም ቢቸና አካባቢ ገበሬ ቤት ነው። የምነግራችሁ ካሜራው ፊት ምን መግባት፣ ምን መውጣት እንዳለበት ነው።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። «ድሮ» ብቻ ብላችሁ ከመጣችሁ ልብሱንም ቤቱንም መምረጥ አልችልም። የጣሊያን ጊዜ ከሆነ ከ1928 እስከ 1933 ነው። በላይ ዘለቀና ወንድሙ እጅጉ ከዚሁ ከቢቸና ወገን ስለሆኑ ብዙዎቻችሁ ወደዚያ ትሳባላችሁ። ታሪኩ ትልቅ ነው፤ ግን ጦር፣ ፈረስና ጠመንጃ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ፊልም አልመክርም።

እኔ ብሆን 1960ን እመርጣለሁ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ። የጎጃም ገበሬ ግምቱ ሲጀመር መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ሸፈተ፤ ጦርም ተላከበት። አንድ ቤት ውስጥ ታላቁ «ግብሩን ከፍለን እንረፍ» ይላል፣ ታናሹ ምንሽር ጠመንጃውን ከቆጡ ያወርዳል። ፊልማችሁ ይኸው ነው። ሌላ ጠብ መፈልሰፍ አያስፈልግም።

ርስትን ግን በደንብ ተረዱት። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ አይሸጥም። መሬቱን መጀመሪያ የያዘው አባት ዘር ነኝ ያለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ስለዚህ ወንድም ከወንድሙ፣ የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ሲካሰስ ኖሯል። ተመልካች ይህን ካልያዘ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ወሰን ድንጋይ ለምን እንደሚጣሉ አይገባውም። በንግግር አታስረዱት። አባትየው ልጆቹን ይዞ ወሰኑን ሲዞር፣ ድንጋዩን በእግሩ ሲነካ አሳዩ። ይበቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ይህን ሁሉ ቀይሮታል፤ ታሪካችሁን ከዚያ በኋላ ካደረጋችሁት ሌላ ጠብ ፈልጉ።

ወንድማማቾቹን ለመለየት አንዱን ደግ፣ አንዱን ክፉ አታድርጉ። ጎጃም የራሱ መለያ አለው። አንዱ እርፍ ጨብጦ ያርሳል፣ ሌላው የበግ ለምድ ደበሎ ለብሶ፣ የተማሪ ከረጢቱን አኩፋዳ አንግቶ ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ወይም ዲማ። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቤት ተዘግቶበት አይማርም፤ ዛፍ ሥር ነው፣ ሜዳ ላይ ብቻውን እየዞረ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱም የሜዳ ሰዎች ናቸው፣ ግን ያንኑ ሜዳ ለየብቻ ነው የሚያዩት። ተማሪው ለበዓል ቤቱ ሲመለስ እጁ ለስልሶ ይሁን። ወንድሙ ሲጨብጠው ይታወቀዋል።

አሁን ወሩን ምረጡ። ይህን የምትንቁ ብዙ ናችሁ፤ እኔ ግን ከምንም በላይ የምጨነቅበት ነው። ጤፍ ሐምሌ ላይ ይዘራል፣ ኅዳር ይታጨዳል፣ ከዚያ እስከ ጥር ይወቃል። አጨዳ ጽፋችሁ መስከረም ላይ ከመጣችሁ የምታገኙት አረንጓዴ ማሳና አደይ አበባ ነው። ወንዝ የምትፈልጉ ከጮቄ የሚወርዱትን ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን እዩ። ነሐሴ ላይ ግን ውሃው ደፍርሶ ጎርፍ ነው፤ ተዋናይ አታስገቡበት። ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ መኪና ስለሚይዝ እናንተም አትደርሱም። ጥቅምት ሲገባ ውሃው እየጠራ ይሄዳል፣ ሣሩም ገና አልደረቀም። የልጅነታቸውን ዋና ያኔ ቅረጹ።

ወሩ ማዕዱንም ይወስናል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። የካህን ቤት ነው ብላችሁ በአጨዳው ሰሞን እናትየው ዶሮ ወጥ ስታወጣ ካሳያችሁ ጎጃም ውስጥ ያየ ሰው ሁሉ ፊልሙን እዚያው ይተወዋል። ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ጠላ አቅርቡ። ረቡዕና ዓርብንም አስቡ።

ቦታ መረጣ ላይ ልባችሁ አንድ መንደር ላይ አይጣበቅ። «ኤ ሪቨር ረንስ ስሩ ኢት» የሚባለውን፣ ሮበርት ሬድፎርድ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፊልም ያያችሁ አላችሁ። ሞንታና ውስጥ ያደጉ የአንድ ቄስ ሁለት ልጆችና የዓሣ ማጥመድ ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚለው ወንዝ ብላክፉት ነው፤ የተቀረጸው ግን በብዛት ጋላቲን በሚባለው ሌላ ወንዝ ላይ ነው። ማንም አልተቀየመም፤ በምስል ቀረጻው ኦስካር አግኝቷል። እናንተም የአያታችሁ መንደር በቆርቆሮ ተሸፍኖ ከሆነ ሁለት ሰዓት በእግር ሂዱና የሣር ክዳን ያለበትን ፈልጉ።

ከቦታው ላይ የሚነሳውን ልንገራችሁ። ቢጫ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ የኔትወርክ ማማ፣ የመብራት ምሰሶ። ጀሪካኑ በእንስራና በቅል፣ ከረጢቱ በስልቻ ይተካል። ዛፉ ግን አይነሳም፤ እናንተ ዙሩ። ባሕር ዛፍ በ1960 ከተማ አካባቢ ቢኖርም እንዳሁኑ ማሳውን አልዋጠም። እንጅባራና ፋግታ ኮረብታው ላይ የሚታየው ዲከረንስ ደግሞ ለከሰል የሚተከል የቅርብ ጊዜ ዛፍ ነው። አረንጓዴ ስለሆነ ያምራል፣ ግን ያጋልጣችኋል። የድሮ ጎጃምን ዛፍ የምታገኙት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ወይራውና ጽዱ እዚያ ተርፈዋል።

ተዋናዩን ከቀረጻ በፊት እርሻ አስተምሩት። ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እርፉን በሁለት እጁ አንቆ ይይዘዋል። ገበሬ በአንድ እጁ እርፉን ይጫናል፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ ዓይኑ ማረሻው ላይ ሳይሆን በሬዎቹ ፊት ላይ ነው። ጥማዱ ሲታሰር አቅርባችሁ ቅረጹት። ቀንበሩ ጫንቃ ላይ ሲያርፍ፣ የቆዳ ጠፍሩ ምራን ረጅሙን እንጨት ሞፈሩንና ቀንበሩን አቆራኝቶ ሲጠበቅ፣ የብረት ቀለበቱ ወገል ሲመታ፣ የእንጨት ክንፎቹ ሁለቱ ድግሮች አፈሩን ግራና ቀኝ ሲገልጡት። ታላቅየው ምራኑን ጎትቶ ሲያጠብቅ ታናሽየው ሳይጠየቅ ወገሉን ቢያቀብለው፣ ሁለቱ አብረው ስንት ዓመት እንዳረሱ ተመልካቹ በዚያች ቅጽበት ይረዳል። ከጠቡ በኋላ ያንኑ ሥራ አንዱ ብቻውን ሲሠራ አሳዩ።

ትልቁን ጠብ አውድማ ላይ አድርጉት እላለሁ። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፣ በሬዎቹ ዞረው ጨርሰዋል፣ ጤፉ ተነፍቶ ተከምሯል። ታላቁ በቁና ይሰፍራል፣ ታናሹ ስልቻውን ይዟል። አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ። የመጨረሻዋ ቁና ጎዶሎ ትሆናለች። ለማን ትፈስሳለች? እዚህ ላይ ንግግር አትጻፉ። ብዙ ደራሲ ይህን ቦታ በረጅም የልብ መግለጫ ያበላሸዋል። የጎጃም ገበሬ ልቡ ሲቆስል ዝም ይላል፣ ነገሩን የሚያነሳው ሽማግሌ ፊት ነው። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ያኔ ይናገር፤ ያኔም ነገሩን በምሳሌ አዙሮ ነው። አጠራር ላይም ጥንቃቄ አድርጉ። ታናሹ ታላቁን «አያ» ይበለው፤ «ብሮ»ም «ጋሼ»ም አይሆንም። አባትየው ካህን ከሆነ መንደሩ «አንቱ» ይለዋል።

ወደ ልብሱ ልምጣ። ከገበያ የገዛችሁትን ጋቢ እንዳለ አታልብሱ፤ ነጭነቱ ካሜራውን ያንጸባርቃል። በእንዶድ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ጪስ ያለበት ማድ ቤት ስቀሉት። ከዚያ የሚቆሽሸውን ቦታ አስቡ፤ ጫፉ መሬት ስለሚነካ፣ ትከሻው ጭነት ስለሚሸከም ይጠቁራል፤ መሐሉ ንጹሕ ይቀራል። አፈር ሁሉም ቦታ ላይ የበተነ አልባሽ ሰው ሳይሆን አፈር ያለብሳል። ጎጃም ሲባል ሁሉም ቁምጣ ያስባል፤ ለመረጣችሁት ዓመት መሄድ አለመሄዱን የመንደሩን አዛውንት ጠይቁ። ጥለቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የፋብሪካ ክር አይግባ። የእናትየውን ሚና አንገቷ ላይ ንቅሳት ላላት የአካባቢው ሴት ብትሰጡ ሜካፕ ይቀርላችኋል። እግር ባዶ ይሁን፤ ተዋናዩ አስቀድሞ ጫማውን አውልቆ መራመድ ይልመድ፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ላይ እንደ እንግዳ ይረግጣል።

ፈረስ ካስፈለጋችሁ ወደ አዊ ሂዱ። በየዓመቱ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት አገር ነው፤ ፈረሱም ጋላቢውም ጌጡም እዚያ አለ። በበዓሉ ቀን ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ።

ከመምጣታችሁ በፊት አካባቢው ሰላም መሆኑን ከነዋሪው አጣሩ፣ የወረዳውን ፈቃድ ያዙ፣ ከዚያ ቀበሌውን፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ። በወረቀት ብቻ የገባ ቡድን በሬ አያገኝም። በሬ ሲሠራ የዋለበትን ቀን ለባለቤቱ ክፈሉ፤ በእርሻ ወቅት ከሆነ ያ ቀን ለእሱ የጠፋ ቀን ነው። ሞፈር፣ ቁና፣ ስልቻ የተዋሳችሁትን ከማን እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ፣ ቀረጻው ባለቀበት ዕለት መልሱ። የሰዎቹንም ስም ፊልሙ መጨረሻ ላይ ከተዋናዮቹ ስም ቀጥሎ አስገቡ።