ሲነክስ፣ ሲከሽፍ፣ ሲበትን፦ የ.22 ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ለመግዛት ሲሄዱ ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው 5 ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ያረፉበትን የኢላማ ወረቀት ነው። ጠመንጃው በብርድ ጠዋት ሳይነክስ (ጥይት ወይም ቀለህ ሳይያዝበት) ይሠራ እንደሆነ፣ ወይም 300 ጥይት ከተኮሰ በኋላ ሳይጸዳ ይጎርስ እንደሆነ ከዚያ ወረቀት ላይ አይነበብም። እኔም ኮሎራዶ ውስጥ ለጥንቸል አደን የመጀመሪያዬን .22 ስመርጥ የተሳሳትኩት በዚሁ ነው። ለውድድር ተብሎ በጠባቡ የተሠራ ቱቦ ያለውን ገዛሁ፤ በበጋ በተኩስ ሜዳ ላይ እጅግ አስደሰተኝ፤ ኅዳር ላይ ግን በአንድ ጠዋት 4 ጊዜ ነከሰብኝ። መሣሪያው አንድም የተሰበረ ነገር አልነበረውም፤ ችግሩ እኔ ለፈለግሁት ሥራ አለመሠራቱ ነበር። ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች የሚያውቅ ሰው ያለውን ጠመንጃ ከማስተካከሉም በላይ፣ ገና ሳይገዛ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

አሜሪካ ውስጥ ለሚኖር አንባቢ አስቀድሞ መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። የፌዴራሉ ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ ያለን ሰው፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጠመንጃ ከመግዛትም ከመያዝም ይከለክላል፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። የየስቴቱ ሕግ ደግሞ በካዝና መጠንና በጠመንጃው አሠራር ላይ የራሱን ገደብ ስለሚጨምር፣ የሚኖሩበትን ስቴት ሕግ ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡ።

የችግሮቹን መንስኤ ለመረዳት የጥይቱን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። .22 ሎንግ ራይፍል በ1887 የተሠራ ጥይት ነው። እርሳሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰም ወይም በቅባት የተቀባ ነው፤ ተቀጣጣዩ ቅመም ያለው በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ነው፤ ቀለሁም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። አገር ቤት ብዙዎቻችን የምናውቀው የክላሽ ቀለህ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ፣ ጥቂት ወደ ኋላ እንደተሳበ ከዙሪያው ግድግዳ ይላቀቃል፤ ክላሽ አይነክስም የሚባለው ክፍሎቹ ላላ ብለው ስለተሠሩ ብቻ አይደለም። የ.22 ቀለህ ግን እስኪወጣ ድረስ ግድግዳውን እየታከከ ይመጣል። በተጨማሪም በ1964 ለገበያ በቀረበው ሩገር 10/22 እና በመሰሎቹ ላይ መዝጊያው የሚቆለፍበት ነገር የለም፤ በቦታው የሚያቆየው ክብደቱና ሞላው ብቻ ነው። ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል በሙሉ ከዚያች ትንሽ ጥይት ስለሚገኝ፣ ደካማ ጥይት፣ ወፍራም ዘይት ወይም የባሩድ ቆሻሻ ሚዛኑን ለማዛባት ይበቃል።

ምልክት፦ ጥይት አይጎርስም፣ ወይም ጎርሶ መዝጊያው እስከ መጨረሻው አይዘጋም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካዝናው ነው። በካዝናዎችዎ ላይ ቁጥር ይጻፉና ችግሩ በየትኛው እንደሚደጋገም ይመዝግቡ፤ በአንዱ ብቻ ከታየ ጠመንጃውን መፍታት አያስፈልግም። 10 ጥይት የሚይዘው ተሽከርካሪ ካዝና ውስጥ ሰምና አቧራ ሲጠራቀም መዞሪያው ይዘገያል፤ ተፈትቶ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ዘይት ሳይቀባ ቢገጠም ይሻላል፣ ዘይት አቧራ ይሰበስባልና። ሲገጣጠም ሞላው በአምራቹ መመሪያ መሠረት በልኩ ካልተጠመዘዘ የመጨረሻዎቹ ጥይቶች አይነሱም። ሌሎች ድርጅቶች የሚሠሯቸው ብዙ ጥይት የሚይዙ ካዝናዎች ጥራታቸው ስለሚለያይ፣ ጠመንጃውን ከመውቀስዎ በፊት በዋናው ካዝና ይሞክሩት።

ችግሩ በሁሉም ካዝናዎች ከታየ ወደ ጥይት ማረፊያው፣ ማለትም ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ወደሚገባበት የቱቦው የኋላ ክፍል ይሂዱ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ አንድ ጥይት አቀባብለው ሳይተኩሱ ያውጡትና እርሳሱን ይመልከቱ። የቱቦው ጠመዝማዛ ቦዮች እርሳሱ ላይ ጥርት ያለ ምልክት አኑረው ከሆነ ማረፊያው ጠባብ ነው ማለት ነው። ይህ ጥይቱን ከቱቦው መሃል ጋር አስተካክሎ ስለሚይዝ ዒላማ ላይ ይጠቅማል፤ ነገር ግን መዝጊያው እርሳሱን በየጊዜው ወደ ቦዮቹ መግፋት አለበት፣ ጥቂት ቆሻሻ ሲጨመርበትም አቅም ያጣል። መፍትሄው ማረፊያውን በየ200 ጥይቱ ገደማ በናስ ብሩሽ ማጽዳት ነው፤ ያ የማይመች ከሆነ ግን ጠመንጃው ለእርስዎ ሥራ የሚሆን አይደለም።

ምልክት፦ ቀለህ አይተፋም፣ ወይም ቀለሁ በመዝጊያው ተነክሶ ይቀራል

በመጀመሪያ የጥይቱን ሳጥን ያንብቡ። እርሳሱ 40 ግሬይን (2.6 ግራም ያህል) የሚመዝን ዝግተኛ ጥይት በሴኮንድ 1,070 ጫማ፣ ማለትም 326 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፈጣኑ ደግሞ 1,235 ጫማ ወይም 376 ሜትር ያህል። ዝግተኛው ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሆነ ዒላማ ላይ የተረጋጋ ነው፤ ፈጣኑ ግን በመንገዱ ላይ የድምፅን ፍጥነት ቁልቁል ሲያቋርጥ ይናወጣል። በሌላ በኩል መዝጊያውን በሙሉ ጉልበት ወደ ኋላ የሚገፋው ፈጣኑ ነው። የትክክለኛነትና የአስተማማኝነት ክርክር በአንድ ሳጥን ጥይት ውስጥ እንኳ እንዳለ እዚህ ላይ ይታያል። በፈጣን ጥይት ችግሩ ከጠፋ መንስኤው የጉልበት ማነስ ነው። ወፍራም ዘይት ካለ ጠርገው በስሱ ቀጭን ዘይት ይቀቡ፤ በብርድ ዘይት እንደሚረጋ አይርሱ፤ የእኔም ጠመንጃ ያን ጠዋት ግማሽ ችግሩ ይህ ነበር። በፈጣኑም ከቀጠለ የመሳቢያውን ጥፍር ይመርምሩ። ጫፉ ከተዶለዶመ ወይም ከሥሩ ቆሻሻ ከተደፈነ ቀለሁን አይዝም፤ በአዲስ መተካት ርካሽና ቀላል ጥገና ነው።

ምልክት፦ ይከሽፋል

እዚህ ላይ ከምንም በፊት ደኅንነት ይቀድማል። ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ 30 ሴኮንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው የለዘበ ከሆነ ደግሞ እርሳሱ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ሁለተኛ ጥይት ፈጽሞ አይተኩሱ፤ ጠመንጃውን ባዶ አድርገው ቱቦው ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ።

ከዚያ የከሸፈውን ጥይት ጠርዝ ይመልከቱ። የመርፌው ምት ጥልቅ ሆኖ ከከሸፈ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ሳይዳረስ ሲቀር የተመታው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ በርካሽ ጥይት ይህ የተለመደ ነው። ምቱ ስስ ከሆነ ሁለት ነገሮች ይጠረጠራሉ። አንደኛው የመርፌው መተላለፊያ በቆሻሻ መያዙ ወይም ሞላው መድከሙ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ መመታቱ ነው፤ ያን ጊዜ የምቱ ጉልበት ጥይቱን ወደ ፊት በመግፋት ያልቃል። ጠባብ ማረፊያ ያለው ጠመንጃ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ሞላ ከመቀየርዎ በፊት ማረፊያውን ያጽዱ።

ምልክት፦ ይበትናል

ሰው ሁሉ ቱቦ ለመቀየር የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ቱቦ ግን በመጨረሻ የሚጠረጠር ነው። አስቀድመው 4 ወይም 5 ዓይነት ጥይት ገዝተው እያንዳንዱን በ50 ሜትር ላይ ባለ 10 ጥይት ተኩስ ያነጻጽሩ፤ ባለ 3 ጥይት ተኩስ ዕድልን እንጂ ጠመንጃን አያሳይም። አንድ .22 ከአንዱ ጥይት ጋር ተስማምቶ ከሌላው ጋር እጥፍ መበተኑ ያለ ነገር ነው። የጥይት ዓይነት ሲቀይሩ፣ ወይም ቱቦውን አጥብቀው ካጸዱ በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹን 10 እስከ 20 ጥይቶች አይቁጠሩ፤ ቱቦው በአዲሱ ሰም እስኪለብስ ድረስ ይዋልላል።

ቀጥሎ ብሎኖቹ ናቸው። የቴሌስኮፑን መያዣ በእጅ ይነቅንቁ፤ ጠመንጃውን ከሰደፉ ጋር የሚያያዘውን አንድ ብሎን፣ ከዚያም ቱቦውን የሚይዙትን ሁለት ብሎኖች በብሩጎላ ይፈትሹ። 10/22 ሰደፉን የሚይዘው በአንድ ብሎን ብቻ ስለሆነ፣ የዚያ ብሎን ጥብቀት በተለወጠ ቁጥር ጥይቱ ኢላማው ላይ የሚያርፍበት ነጥብ ይለወጣል፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅም እንደ ማላላት ይጎዳል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካልተሻለ የአፈሙዙን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ ጭረት ወይም ግጭት ካለበት ወደ ጠመንጃ ሠሪ ይውሰዱት።

ከእያንዳንዱ ካዝና የመጀመሪያው ጥይት ብቻ ከሌሎቹ የሚለይ ከሆነ መንስኤው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ያቀባበለው እጅዎ ሲሆን፣ የቀሩትን ያቀባበለው መዝጊያው በራሱ ፍጥነት ነው። መዝጊያውን በእጅ እያጀቡ አይመልሱ፤ እስከ መጨረሻው ስበው ይልቀቁት።

እንግዲህ ለሚገዛ ሰው ምርጫው በዋናነት የጥይት ማረፊያው ስፋት ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ሰፊ ማረፊያ ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል፤ በጥሩ ጥይት በ50 ሜትር ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከሰበሰበ እኔ ለአደን በቂ ነው እላለሁ። ሙሉ የውድድር ማረፊያ በጥቂቱ ይሻላል፤ ነገር ግን ያልተተኮሰ ጥይት ሲወጣ እርሳሱ ተነቅሎ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ ለወረቀት ኢላማ ብቻ ለሚተኩስ ሰው ነው የምመክረው። በመካከል ቤንትዝ የሚባለው አለ፤ ከፋብሪካው ጠበብ ያለ ሆኖ ያልተተኮሰ ጥይትን ግን በደህና እንዲያወጣ የተሠራ ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ ገዝቶ ሁለቱንም ሥራ ለሚፈልግ ሰው የምመርጥለት ይህንን ነው፤ እኔም በኋላ ቱቦዬን የቀየርኩት በዚህ ነው።

የገዙትን ጠመንጃ ሳይጸዳ በ300 ጥይት ይፈትኑት። አንድም ጊዜ ካልነከሰና ካልከሸፈ፣ እውነተኛው የጉድለቱ መጠን ከ100 ተኩስ ከ1 እንደማይበልጥ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር ይችላሉ፤ 50 ጥይት ብቻ ከተኮሱ ግን ያው ስሌት ከ100 ወደ 6 ይወጣል። ፈተናውን በሚያድኑበት ወቅት ብርድና በሚያድኑበት ጥይት ያድርጉት፤ ሲጨርሱም እርሳስ በእጅ ላይ ስለሚቀር ምግብ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።