ጅማ ላይ ያገለገለ ስልክ ሲገዙ ምን ምን ይፈተሻል፣ በምን ቅደም ተከተል?

አብዛኛው ገዢ ስልክ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው ካሜራውን ነው። ሁለት ፎቶ ያነሳል፣ ያጎላል፣ ያሳንሳል፣ ከዚያ ወደ ዋጋ ይገባል። ካሜራ ቢበላሽ ግን ይቀየራል። ገንዘብ ይዘው የሚቀሩት በሌላ ሰው አካውንት የተቆለፈ ስልክና ውሃ የገባው ቦርድ ናቸው። ስለዚህ ከመርካቶ ሱቅም ይግዙ፣ ፈረንጅ አራዳ በደላላም ያግኙት፣ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጅ፣ ፍተሻው ከመለያ ቁጥሩና ከቁልፉ ይጀምር፤ ካሜራው መጨረሻ ላይ ይድረስ።

ሙሉ ፍተሻው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ቀጠሮውን በቀን፣ ሶኬት ባለበት ካፌ ወይም ሱቅ ያድርጉት። ይዘው የሚሄዱት ብዙ አይደለም፦ የሚሠራ የራስዎ ሲም ካርድ፣ የሲም ማውጫ መርፌ፣ እንደሚሠራ የሚያውቁት የቻርጀር ገመድ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ዳታ ያለው ሌላ ስልክ ለሆትስፖት። ዳታው የግድ ነው፤ ብዙ ቁልፎች የሚታዩት ስልኩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻ ነው። ከመሄድዎ በፊት አንድ ጥገና ቤት ጎራ ብለው የዚያ ሞዴል ስክሪንና ባትሪ ስንት ብር እንደሚቀየር ይጠይቁ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዋጋ ሲነጋገሩ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣሉ።

የስልኩ መለያ ቁጥር

የመደወያው ላይ *#06# ይጻፉ። 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ ይመጣል፤ ሁለት ሲም የሚወስድ ከሆነ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ካርቶን ካለው ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር፣ እንዲሁም ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ላይ ከሚታየው ጋር ያስተያዩት። አንዱ ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው፣ ወይም ቁጥሩ ተነካክቷል።

ቁጥሩ የተፈበረከ መሆኑን በወረቀትና እስክሪብቶ ማወቅ ይቻላል። የመጨረሻው አሃዝ የቀደሙት 14 አሃዞች ማረጋገጫ ነውና። ለማስተማሪያ የሚያገለግለውን 490154203237518 እንውሰድ። ከግራ ጀምረው ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን እያሉ እስከ አስራ አራተኛው ድረስ በሁለት ያባዙ፤ ውጤቱ ባለሁለት አሃዝ ከሆነ አሃዞቹን እርስ በርስ ይደምሯቸው። 9 ሲባዛ 18 ይሆናል፣ 1 እና 8 ሲደመሩ 9። ቀጥሎ 1 ወደ 2፣ 4 ወደ 8፣ 0 እንዳለ፣ 2 ወደ 4፣ 7 ወደ 14 ማለትም 5፣ 1 ወደ 2። የእነዚህ ድምር 30 ነው። ያልተባዙት 4፣ 0፣ 5፣ 2፣ 3፣ 3፣ 5፣ 8 ደግሞ 30 ይሆናሉ። ጠቅላላው 60 ነው፤ ለ10 ያለ ቀሪ ስለተካፈለ ቁጥሩ ትክክለኛ አሠራር አለው። ቀሪ ከመጣ ስልኩን መልሰው ይስጡ። ሒሳቡ ልክ መምጣቱ ግን ስልኩ አልተሰረቀም ማለት አይደለም፤ ያንን ለመለየት ይበልጥ የሚረዳው ቀጣዩ ፈተና ነው።

ቁልፉ

ሻጩ በራሱ እጅ፣ እርስዎ ፊት፣ አካውንቱን ያውጣና ስልኩን ሪሴት ያድርገው። «ቤት አጥፍቼው መጥቻለሁ» የሚለውን አይቀበሉ።

አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» ገብቶ የጎግል አካውንቱን «ሪሙቭ» ይበል። ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንግ አካውንቱንም፣ ሻዎሚ ከሆነ የሚ አካውንቱንም ማውጣት አለበት፤ እነዚህ ለብቻቸው ይቆልፋሉ። ከዚያ «ሪሴት» ውስጥ «ኢሬዝ ኦል ዳታ» ወይም «ፋክትሪ ዳታ ሪሴት» ይጫን። ስልኩ ተነስቶ «ሃይ» ወይም «ዌልካም» ሲል በሆትስፖትዎ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙትና እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። «ቀድሞ እዚህ ስልክ ላይ የነበረውን አካውንት አስገባ» ካለ ተቆልፏል። ይህ መከላከያ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 ወዲህ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያለ ነው። ሌባ ጎኑ ላይ ባሉት መጫኛዎች ብቻ ሪሴት ቢያደርገው እንኳ ስልኩ የባለቤቱን ጂሜይል እንዲጠይቅ ታስቦ ተሠርቷል። «ጂሜይሉን ረስቼዋለሁ» የሚል ሻጭ ወይ ስልኩ የእሱ አይደለም፣ ወይ ሄዶ አስታውሶ መምጣት ይችላል። ሁለቱም ዛሬ የማይገዙበት ምክንያት ናቸው።

አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ከፍቶ ከላይ ስሙን ይጫንና በይለፍ ቃሉ «ሳይን አውት» ያድርግ። ከዚያ «ጄነራል» ውስጥ መጨረሻ ላይ ባለው «ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን» ገብቶ «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ»። ተነስቶ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ «ለባለቤቱ ተቆልፏል» የሚል ገጽ ከመጣ በቃ፣ አይግዙት። ገበያው ላይ «ባይፓስ ነው፣ ይሠራል» ተብሎ በርካሽ የሚቀርበው አይፎን አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ ወደዚያው ገጽ ይመለሳል።

ሁለት ሌሎች ቁልፎች ብዙ ሰው ያልፋቸዋል። አንደኛው የድርጅት ቁልፍ ነው፦ ከሪሴት በኋላ «ሪሞት ማኔጅመንት» ወይም «ይህ ስልክ የድርጅት ነው» ካለ፣ ውጭ አገር ያለ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ስልኩን ከሩቅ ይቆጣጠረዋል። ሁለተኛው ውጭ አገር በየጊዜው ሊከፈል በዱቤ ተሰጥቶ ሳይከፈል የቀረ ስልክ ነው፤ ሳምሰንግ ላይ «ኬጂ ሎክ» የሚባለው። ሲገዙት ሰላም ሆኖ ኢንተርኔት ካገኘ በኋላ ይቆለፋል። ስለዚህ ከሪሴት በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ዳታ ላይ ይቆይ፣ ሌላውን ፍተሻ በዚያው ይቀጥሉ።

ሲምና ኔትወርክ

የራስዎን ሲም በሁለቱም ቀዳዳ ተራ በተራ ያስገቡ። ከእያንዳንዱ ደውለው 1 ደቂቃ ያውሩ፣ የ4ጂ ምልክት መምጣቱን ይዩ፣ ከካፌው ወጥተውም ይሞክሩ። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጄነራል፣ አባውት ገብተው «ካሪየር ሎክ» የሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» መጻፉን ያረጋግጡ። ሌላ ነገር ከተጻፈ ከአንድ የውጭ ኩባንያ ሲም በቀር አይቀበልም።

ከአሜሪካ የመጣ አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ጭራሽ የሲም ቀዳዳ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይኖረው ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። ጎኑን በጣትዎ ሲዳስሱ የሲም ትሪ ካላገኙ፣ ከመክፈልዎ በፊት የሚጠቀሙበት ቴሌኮም ሱቅ ሄደው ኢሲም በዚያ ስልክ ላይ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ሳምሰንግ ላይ የሞዴል ቁጥሩን የመጨረሻ ፊደል ይዩ፦ ቢ ለዓለም ገበያ የተሠራ ነው፣ ዩ የአሜሪካ፣ ኤን የኮሪያ። የኮሪያውን ብዙ ጊዜ የሚለዩት የካሜራው ድምፅ አልጠፋ ሲል ነው።

ባትሪ

መብራት በሚሄድበት ከተማ ባትሪ ከሁሉም በላይ ይመዝናል። አይፎን ላይ «ባትሪ ሄልዝ» ውስጥ ያለውን በመቶ ይዩ። እስከ አይፎን 14 ያሉት ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ እንዲይዙ፣ አይፎን 15 ደግሞ ከ1000 በኋላ 80 በመቶ እንዲይዝ ታስበው የተሠሩ ናቸው። 85 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። አራት ዓመት የሠራ ስልክ 100 በመቶ ካሳየዎት ደግሞ አይደሰቱ፤ ባትሪው ተቀይሯል ማለት ነው። «አባውት» ውስጥ የተቀየሩ ዕቃዎች ዝርዝር አለ፣ «አንኖውን ፓርት» ካለ ኦሪጂናል አልተገጠመለትም።

አንድሮይድ ላይ ብርሃኑን ሙሉ አድርገው የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ይክፈቱ። 1 ወይም 2 በመቶ ቢወርድ ደህና ነው፤ 5 ከወረደ፣ ወይም ከ40 ዘሎ 28 ላይ ከተገኘ ባትሪው አልቋል፣ ዋጋውን ከሒሳቡ ይቀንሱ። ከዚያ በራስዎ ገመድ ከፓወር ባንክ ጋር ያገናኙትና ገመዱን ቀስ አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቅንቁት። የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ የቻርጅ ሶኬቱ ላልቷል። መጨረሻ ላይ ስልኩን በጀርባው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በጣትዎ ያሽከርክሩት። ካሜራው ከመሬቱ ካላነሳው በቀር እንደ እንዝርት ከዞረ ጀርባው አብጧል፤ ያበጠ ባትሪ ይዞ ወደ ቤት መግባት አደገኛ ነው።

ውሃና ርጥበት

ጅማ ክረምቱ ከባድ፣ አየሩ ርጥብ የሆነ ከተማ ነው፤ ስልክን እዚህ ከመውደቅ ባልተናነሰ ውሃ ይጎዳዋል። ሲም ትሪውን ያውጡና ቀዳዳው ውስጥ ብርሃን ያስገቡ። አይፎንና ብዙ ሳምሰንግ እዚያ ትንሽ ነጭ ምልክት አላቸው፤ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ውሃ ነክቶታል። የቻርጅ ሶኬቱን ሲያዩ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ብረቱ ዝጓል። ከዚያ ካሜራውን ከፍላሹ ጋር ለ10 ደቂቃ ክፍት ይተዉት፤ ስልኩ ሲሞቅ ሌንሱ ውስጥ ጉም ከታየ ርጥበቱ አሁንም ውስጥ ነው። ውሃ የነካው ቦርድ ዛሬ ይሠራል፣ ከወር በኋላ ኔትወርኩ ወይም ማይኩ ይሞታል፣ ሻጩ ያኔ ስልክ አያነሳም።

«ውሃ አይገባውም» የሚባለውም አንድ ጊዜ ተከፍቶ ስክሪን ወይም ባትሪ ከተቀየረለት ያ መከላከያ አብሮ ሄዷል። መከላከያው ጠርዙ ላይ ያለ ማጣበቂያ ነው፣ ሲከፈት ይቀደዳል።

ስክሪን

አንድ አፕ በጣትዎ ይዘው መላውን ስክሪን መስመር በመስመር፣ ጎጆ ክዳን እንደሚከድኑት፣ ቀስ እያሉ ይጎትቱት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከእጅዎ ካመለጠ እዚያ ታቹ ሞቷል። አብዛኛው ሳምሰንግ ላይ *#0*# ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሙሉ ገጽ ያወጣል፤ ነጭ ገጽ ላይ ደግሞ የኪቦርድ ወይም የሰዓት ጥላ ካዩ ስክሪኑ ተቃጥሏል። ኮፒ ስክሪን ለመለየት ጥቁር ፎቶ ከፍተው በነጠላ ወይም በጃኬት ይሸፍኑና ዓይንዎን ያስጠጉ። ይህ የሚሠራው አሞሌድ ለሚባለው፣ ጥቁር ሲያሳይ ብርሃኑን ለሚያጠፋው የስክሪን ዓይነት ነው፤ ኦሪጂናሉ አሞሌድ የጠፋ ያህል ይጠቁራል፤ ርካሹ ቅያሪ ግን ግራጫ ሆኖ ያበራል። ኮፒ ስክሪን ባትሪም ይበላል፣ ከመስታወቱ ሥር ያለውን የጣት አሻራም ብዙ ጊዜ ያጠፋል።

ኮፒ ስልክና የተጋነነ ቁጥር

ሙሉው ስልክ ኮፒ የሆነበትን ለመያዝ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ «አባውት» ይክፈቱ፤ «ዲቫይስ ኢዝ ሰርቲፋይድ» ማለት አለበት። ካላለ የባንክ አፖች ላይሠሩ ይችላሉ።

ራም ላይ «8 ሲደመር 8፣ 16 ጂቢ» ቢሉዎት እውነተኛው 8 ነው። ሁለተኛው 8 ከስቶሬጁ የተቆረሰ ቦታ ነው፣ ፍጥነቱ ከራም ጋር አይወዳደርም። አምራቾቹ ሁለቱን ደምረው ካርቶን ላይ መጻፋቸው ገዢን ማሳሳት ነው፣ መቆም ያለበት ነገር ነው። ባለአራት ካሜራ የሚመስሉ ብዙ ርካሽ ስልኮችም ያው ናቸው፤ ፎቶ የሚያነሳው አንዱ ነው፣ ሌሎቹ 2 ሜጋፒክስል የሆኑ ማሟያዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የማሻሻያው ዕድሜ ነው። «ሴኪዩሪቲ አፕዴት» የሚለው ቀን ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ኩባንያው ስልኩን ትቶታል። ዋትስአፕ አይፎን 5ኤስ እና 6ን ከ2025 ጀምሮ አያስተናግድም፤ «ርካሽ አይፎን» ተብሎ ቢቀርብልዎት ይህን ያስቡ። በተቃራኒው ሳምሰንግ ለኤስ24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል፤ ሁለት ዓመት የሠራ እንኳ ቢሆን ገና ዕድሜ አለው።

ክፍያና ወረቀት

ሁሉም ከተፈተሸ በኋላ ብቻ ይክፈሉ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ቢሆን ይመረጣል፣ ማስረጃ ይቀራል። ከሱቅ ደረሰኝ ይቀበሉ። ከግለሰብ ከሆነ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መጻፍ ይቻላል፦ ቀን፣ የስልኩ ስምና ሞዴል፣ ሁለቱም አይኤምኢአይ፣ ዋጋው በአሃዝና በፊደል፣ የሻጩ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ስልክ፣ የሁለታችሁ ፊርማ። የመታወቂያውን ፎቶ በፈቃዱ ያንሱ። ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ፖሊስ ይወስደዋል፤ «ገዝቼ ነው» ለማለት የሚኖርዎት ይህ ወረቀት ነው።

ቤት እንደገቡ የራስዎን አካውንትና የስክሪን ቁልፍ ያስገቡ፣ አይኤምኢአዩን ከስልኩ ውጭ ደብተር ላይ ይጻፉት። ክረምት ላይ ዝናብ ከነካው ወዲያው ያጥፉት፣ ሶኬቱን ወደ ታች አድርገው በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይምቱት፣ ነፋስ ባለበት ያስቀምጡት። ሩዝ ውስጥ አይክተቱት፤ ዱቄቱ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። ከሰል ምድጃ ዳር ማስቀመጥም ማጣበቂያውንና ባትሪውን ይጎዳል። ሶኬቱ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቻርጅ ላይ አይሰኩት።