ፎቶው ደበዘዘ፣ ጥላው ቆሸሸ፦ ለሚዲየም ፎርማት የትኛውን የከለር ፊልም እንምረጥ?

ሚዲየም ፎርማት ካሜራ (ከተለመደው 35 ሚሊሜትር የሚሰፋ ፊልም የሚጠቀም) የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው 100 ወይም 160 ፊልም ነው። ቁጥሩ አይኤስኦ ይባላል፤ ከፍ ሲል ፊልሙን ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። «ይህን የሚያህል ካሜራ ይዤ ፎቶዬ ለምን ግሬይን ይብዛበት?» ይላል፤ ግሬይን ፎቶው ላይ የሚታየው የፊልሙ ቅንጣት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ 400 ግዙ ባይ ነኝ። የ6 በ7 ሴንቲሜትር ኔጌቲቭ ስፋት ከ35 ሚሊሜትሩ ከ4 እጥፍ ይበልጣል። ለአንድ ዓይነት የኅትመት መጠን ያን ያህል መጎተት ስለማያስፈልገው ግሬይኑ ብዙም አይታይም። የሚያስቸግሩን ሌሎች ነገሮች ናቸው።

ፎቶው በሙሉ ደብዛዛ ነው

ስካኑን አጉልታችሁ እዩት። ከፊት ወይም ከኋላ ጥርት ያለ ቦታ ካለ ችግሩ ፎከስ ነው። ምንም የጠራ ነገር ከሌለና ትንንሽ የብርሃን ነጥቦች መስመር ከሆኑ ግን እጃችሁ ተንቀጥቅጧል። የሚዲየም ፎርማት ሌንሶች ብዙዎቹ ከኤፍ 2.8 ወይም ከኤፍ 4 በላይ አይከፈቱም (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በ80 ሚሊሜትር ሌንስ በእጅ ስታነሱ በሻተሩ ፍጥነት (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ) ከ1/125 ሰከንድ ባትወርዱ ይመረጣል። በ100 ፊልም 1/30 የሚያስፈልገው ብርሃን በ400 ፊልም 1/125 ይበቃዋል። በቃ፣ መፍትሄው ይኸው ነው። ትራይፖድ የምትይዙ ከሆነ 100ም 160ም ይሠራል።

ዓይኑ ጠርቷል፣ ጆሮው ጠፍቷል

ፎከሱ ልክ ነው፤ የጠበበው ጥልቀቱ (ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት) ነው። ከ100 ወደ 400 ስትሄዱ ሁለት ስቶፕ ታገኛላችሁ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። የሻተሩን ፍጥነት ሳትነኩ ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 8 መዝጋት ትችላላችሁ።

ጥላው ጭቃ መሰለ፣ ግሬይኑም ፈጠጠ

ሰው ሁሉ ፊልሙን የሚረግመው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የብርሃን ማነስ ነው። ኔጌቲቩን ወደ መብራት አንሱት። ጥላ የነበረበት ቦታ ምንም ቅርጽ የሌለው ባዶ ብርቱካንማ ከሆነ ብርሃን አልደረሰውም ማለት ነው። ስካን ሲደረግ ያንን ባዶ በግድ ለማብራት ሲሞከር ግሬይኑ ይወጣል፣ ቀለሙም ይዛባል።

መጀመሪያ የላይት ሜትሩን (የብርሃን መለኪያውን) አይኤስኦ እዩ፤ ካለፈው ፊልም እንደተቀመጠ ሊሆን ይችላል። እሱ ልክ ከሆነ ሜትሩን ሰማይ ወይም መስኮት አታሎት ይሆናል። ስለዚህ ብርሃኑን ጥላው ላይ ለኩ፤ ወይም 400 ፊልም ጭናችሁ ሜትሩን 200 ላይ አድርጉት። የከለር ኔጌቲቭ ትርፍ ብርሃን ይችላል፣ ጉድለት ግን አይችልም። በተለይ የኮዳኩ ፖርትራ 400 በዚህ በኩል ታጋሽ ነው። ሌላው የኮዳክ ፊልም ኤክታር 100 ግን ቆንጠጥ ያለ ነው፤ እሱን እዚያው 100 ላይ አድርጋችሁ በጥንቃቄ ለኩ።

«ሲታጠብ ፑሽ ይደረግልኝ» (ከተለመደው ረዘም ላለ ጊዜ ይታጠብልኝ) ማለትስ? ፑሽ ብሩህ ቦታዎችን ያጠነክራል፣ ኮንትራስት ይጨምራል። ጥላው ውስጥ ያልተመዘገበውን ነገር ግን አያመጣም። ቦታው በእርግጥ ጨለማ ከሆነ ፖርትራ 800 ጫኑ። በዚህ የኔጌቲቭ መጠን ግሬይኑ አያስከፋም።

ፀሐይ በዛ፣ ሌንሱን መክፈት አልተቻለም

ሻተራቸው ሌንሱ ውስጥ ያለ ብዙ ካሜራዎች ከ1/500 አያልፉም። በጠራ ፀሐይ 400 ፊልም በ1/500 ኤፍ 16 አካባቢ ይፈልጋል። ኤፍ 4 ላይ ማንሳት ከፈለጋችሁ ሦስት ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር (ቀለም ሳይቀይር ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ግጠሙ። የሚቀረውን አንድ ስቶፕ ፊልሙ ራሱ ይችለዋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ 160 መጫን ይቀላል።

ፊልሙ ሳያልቅ ብርሃኑ ተቀየረ

ካሜራችሁ የፊልም ባኩ (ፊልሙ የሚቀመጥበት የኋላ ክፍል) የሚቀያየር ከሆነ አንዱን 160፣ ሌላውን 800 አድርጉና የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዲታወቅ የፊልሙን ካርቶን ቁራጭ ባኩ ላይ ለጥፉ። የማይቀያየር ከሆነ 120 ፊልም (ይህ ቁጥር የፊልሙ መጠን ስም ነው፣ አይኤስኦ አይደለም) በ6 በ7 የሚሰጠው 10 ፎቶ ብቻ ነው፤ ጨርሱትና ሌላ ጫኑ።