የአንጀትን ጣቶች በዓይን ለማየት

ትንሹ አንጀታችን ውስጥ ቪላይ የሚባሉ ጣት መሰል ነገሮች አሉ፣ ከምግብ ንጥረ ነገሩን መጠው ወደ ደም የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። ቁመታቸው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የራሳችንን ከፍተን ማየት ስለማንችል የበግ ይበቃናል።

ለበዓል በግ ሲታረድ ከጨጓራው ቀጥሎ ካለው ቀጭን አንጀት አንድ ስንዝር ያህል ውሰዱ። ትኩስ መሆኑ ግድ ነው፤ ካደረ ቪላዮቹ ስለሚፈራርሱ ልፋታችሁ ገደል ገባ በሉት። ጓንት አድርጉና በመቀስ በቁመቱ ሰንጥቁት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት እንጂ ለዱለት እንደሚታጠብ አንጀት አትሹት፣ አትፋቁት። የውስጡን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ ውሃ ያለበት ሰሃን ላይ አስተኙት።

ዋናው ዘዴ ውሃው ነው። ከውሃ ውጭ ተጣብቀው ይተኛሉ፣ ውሃ ውስጥ ግን ቀና ብለው ልክ እንደ ከፋይ ጨርቅ ይታያሉ። የአንዱን ስልክ ፍላሽ ከጎን አብሩና በሌላ ስልክ ካሜራ አጉሉት። ሰሃኑን ነካ ስታደርጉት ሲወዛወዙ ታያላችሁ!

ጨጓራው ላይ ያለውን ሻካራ ነገር ከዚህ ጋር እንዳታምታቱት፣ እሱ የሚያመሰኩ እንስሳት ነው፣ እኛ ጋ የለም። ስትጨርሱ እጃችሁን፣ መቀሱንና ሰሃኑን በሳሙና እጠቡ።