በርጩማ ልትጠርቡ ካሰባችሁ እርጥብ እንጨት ያዙ

ጅማ መጥቶ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ሲያይ "ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ" የማይል ጥቂት ነው። እኔም ብያለሁ። "እርጥብ ይሰነጠቃል" ብዬ ደረቅ ግንድ ገዛሁ። ሁለት ቀን ስታገል መጥረቢያው እየነጠረ መዳፌ ተላጠ።

የጅማ በርጩማ መቀመጫውም እግሩም የሚወጣው ከአንድ ግንድ ነው። ምስማር የለ፣ ኮላ የለ። አብዛኛው እንጨት ተጠርቦ ይወድቃል። ይሄ ሥራ በእርጥቡ ነው የሚቀለው። ዋንዛ ካገኛችሁ እሰየው፣ ለእጅ መሣሪያ ገር ነው። (ከመንግሥት ደን መቁረጥ ግን ክልክል ነው፤ ከሻጭ ግዙ።)

ቁም ነገሩ ማድረቁ ላይ ነው። መጀመሪያ በመጥረቢያ ቅርጹን ብቻ አውጡና ከምትፈልጉት አንድ ጣት ያህል አወፍራችሁ ተዉት። ከዚያ በራሱ ፍቅፋቂ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ውጪው ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል፣ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ያኔ ጧ ይላል! የጅማ አየር ደግሞ እርጥበት ስለሚበዛበት ፍቅፋቂውን ቶሎ ቶሎ በደረቅ ቀይሩ፣ አለዚያ ይሻግታል። የግንዱ እምብርት መቀመጫው መሃል ላይ ባይውል ይመረጣል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ስታነሱት ቅልል ካለ በተሳለ መሮ አስተካክሉና በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱ። እግሮቹ ትንሽ ቢበላለጡ አትጨነቁ፤ ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይም አይንገዳገድም።